ብራያን የደበቃቸው ሦስት ዓመታት

መጀመሪያ ልጁን ላስተዋውቃችሁ። ኒው ዮርክ ከተማ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ኮሎምቢያ ገባ ቢባል ድንኳን ይጣላል። ውጤቱ የሚያስቀና ነው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ የስፖርት አዘጋጅ ነው። ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘፍን የተማሪዎች ቡድን ውስጥም አለበት፣ ያውም መሪ ሆኖ። በአጭሩ እናት «ልጄ እኮ» ብላ ወሬ የምትጀምርበት ዓይነት ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ከመጀመሪያ ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ስሙ ብራያን ማልመን ነው። ድምፁ መጣ፣ ድባቴው ተከተለ፣ እሱ ግን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ክፍል ገባ፣ ፈተና ተፈተነ፣ ጋዜጣው ላይ ጻፈ፣ መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈነ። በመጨረሻ ዓመቱ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት እርዳታ ጠየቀ፤ ትምህርቱን አቋርጦ ቤተሰቦቹ ጋ ተመለሰና ሕክምና ጀመረ። ማርች 2000 ላይ ራሱን አጠፋ። 22 ዓመቱ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ካምፓስ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና የሚጻፈው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ያሰለቸኛል። ይህን ያህል በመቶው ይጨነቃል፣ ይህን ያህል በመቶው እንቅልፍ የለውም፣ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል፣ አለቀ። ማን ነው የሚጨነቀው፣ ለማን ነግሮ ነበር፣ ሲናገር ምን አሉት፣ ይሄ አይነገርም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው ልሂድበት አልኩ። የብራያንን የመረጥኩት ስለሚያሳዝን አይደለም። እህቱ ከሱ በኋላ የሠራችው ሥራ፣ እንዴት አድርጋ እንዳሰበችው፣ የቱ ጋ እንደሠራና የቱ ጋ እንደማይበቃ ለኛም የሚሆን ነገር ስላለበት ነው።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሌ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እንዴት ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀበትም?» እኔ ብዙም አይገርመኝም። ካምፓስ ውስጥ ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ ምክንያት አለ። ማታ ማታ የማይተኛው ልጅ «ያጠናል» ይባላል። ካፌ የማይታየው «ብር አለው፣ ውጭ ነው የሚበላው» ይባላል። ክፍል ከቀረ «ኖት አግኝቶ ነው»፣ ብቻውን መቀመጥ ካበዛ «ዝምተኛ ነው»፣ ሲብስ ደግሞ «ሱባኤ ይዞ ነው»። ልጁ ራሱ መዋሸት አይጠበቅበትም፣ ሌላው ይዋሽለታል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ በቃ፣ ጂፒኤው የጤና ምስክር ወረቀት ይሆንለታል። ላይ ላዩን ሲያዩት አንደኛ፣ ውስጡን ለቄስ።

እኔ ራሴ ካምፓስ እያለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ዶርማችን ውስጥ ላይኛው አልጋ የሚተኛ ልጅ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ መስኮቱን በጋዜጣ መሸፈን ጀመረ። ፀሐይ እየገባበት መስሎን ዝም አልን። ቀጥሎ በጋዜጣው ዙሪያ ፕላስተር ለጠፈ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳትቀር። ከዚያ መብራት ከጠፋ በኋላ «ማን ነው ስሜን የሚጠራው?» ማለት ጀመረ። እኛ ደግሞ እየሳቅን «ቅዱስ ገብርኤል ነው፣ አቤት በለው» እንለዋለን። ስድስት ነበርን፣ ከስድስታችን አንዳችንም ቁጭ ብለን «ምን ሆነህ ነው?» አላልነውም። አንድ ቀን አጎቱ ነኝ ያለ ሰውዬ መጣ፣ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) አስሞላው፣ ፍራሹን ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ጸበል ገባ ተባለ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው ከመጠን በላይ አንብቦ ነው አለ። ከዚያ ሚድ ደረሰና ረሳነው። ጋዜጣው ግን እስከ ሰኔ መስኮቱ ላይ ነበር።

ጸበል መግባቱን አይደለም የምወቅሰው። ጠዋት ጸበል ተጠምቆ ማታ መድኃኒቱን የሚውጥ፣ ሁለቱም የረዳው ሰው አውቃለሁ። የሚቆጨኝ ከጋዜጣው እስከ ፍራሹ የነበሩት ወራት ናቸው።

ወደ ብራያን ልመለስ። ሐኪሞች ያገኙበት ሕመም ስኪዞአፌክቲቭ ዲስኦርደር ይባላል። ሁለት ነገር ተደርቦ የሚመጣበት ሕመም ነው። በአንድ በኩል የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ያልሆነን ነገር እንደሆነ አጥብቆ ማመን አለ፣ በሌላ በኩል ከባድ ድባቴ ወይም ከልክ ያለፈ መነቃቃት። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ከንባብ ብዛትም አይመጣም። የሚጀምርበት ዕድሜ ነው ክፋቱ። 2005 ላይ የወጣ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው በዕድሜው ከሚያጋጥሙት የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛ ያህሉ እስከ 24 ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ማለትም ልክ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ከቤት በወጣበት፣ ጠባዩን ከልጅነቱ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ በሌለበት፣ ዶርም ያሉት ልጆች ደግሞ «ድሮም እንዲህ ነው» ብለው በሚያልፉበት ጊዜ።

ሌላ ጥናት አለ፣ ይሄኛው ያስደነገጠኝ ነው። 2015 ላይ የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ21 ግዛቶች በሚገኙ 34 ክሊኒኮች፣ እንዲህ ያለ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛቸውን 404 ሰዎች ተከታትሏል። ሕመሙ ከጀመራቸው ቀን እስከ ታከሙበት ቀን ግማሾቹ ከ74 ሳምንት በላይ ቆይተዋል። መድኃኒቱ፣ የንግግር ሕክምናው፣ ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክርና የትምህርት ድጋፉ በአንድ ቡድን አማካይነት ሲሰጣቸው፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ከ74 ሳምንት በታች የቆዩት ሆነው ተገኙ። የብራያን ሦስት ዓመት ሊሞላ የቀረበ ጊዜ በሳምንት ሲቆጠር 150 ይጠጋል። ቶሎ ቢታከም ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ያን ማንም ሊል አይችልም። ግን ጊዜው ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን አይደል? ጥሩ ተረት ነው። ችግሩ በዚያው አፋችን «ገበናህን ሸፍን» እንላለን። ልጁ ደግሞ ጅል አይደለም፣ የትኛውን ከልባችን እንደምንለው ያውቃል።

እህቱ አሊሰን ያኔ ፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽ ነበረች። ወንድሟን ቀብራ ወደ ዶርሟ ተመለሰች። ሁለት ነገር ከነከናት፣ ይህን ራሷ በየመድረኩ ደጋግማ የተናገረችው ነው። አንደኛ፣ እኔም ብሆን ኖሮ ልክ እንደሱ እደብቅ ነበር የሚለው። ሁለተኛ፣ ካምፓሱ ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያወራ ተማሪ አለመኖሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቢሮ ጠፍቶ አይደለም፣ ባለሙያም አለ። የጎደለው በዶርሙና በቢሮው መካከል ያለው መንገድ ነው። ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያ እያየ «ይሄ ነገር እኔን ብቻ ነው ያገኘኝ» እያለ ሳለ፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ «የምክር አገልግሎት» የሚል በር አለ። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተለጥፏል። ዲኑም በኦሬንቴሽን ቀን «በራችን ሁሌም ክፍት ነው» ብለዋል። ማን ሰማቸው?

አሊሰን መጀመሪያ የፈለገችው አዲስ ነገር መፍጠር አልነበረም። ሌላ ቦታ ያለ የተማሪዎች ቡድን ካለ ወደ ካምፓሷ ልታመጣው ፈልጋ ፈለገች፣ ፈለገች፣ የለም። ስለዚህ 2001 ላይ ራሷ አንድ ክበብ አቋቋመች። ኦፕን ማይንድስ አለችው፣ «የተከፈተ አእምሮ» እንደ ማለት ነው።

እኔ የወደድኩት ክበቡ ምን እንደማይሠራ ነው። አያክምም። ተማሪ ተማሪን ቁጭ አድርጎ የሥነ ልቦና ሐኪም አይሆንበትም። ሥራው ነገሩን የሰው ወሬ ማድረግ ነው። ተማሪ በሚያልፍበት ቦታ ጠረጴዛ ዘርግቶ መቆም፣ ታሞ የዳነ ወይም እየታከመ ያለ ሰው ጋብዞ ማናገር፣ የምክር ቢሮው የት እንደሆነ፣ እዚያ ስትገባ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁህ በተማሪ አፍ መናገር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፣ አንድ ፍሬሽ «እኔ ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር፣ ሴትየዋ ጥሩ ናት፣ ምንም አይልህም» ብሎ ከሲኒየሩ ሲሰማና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያነብ አንድ አይደለም። እኛም ጋ ቢሆን የትኛው መምህር ጨካኝ እንደሆነ፣ የትኛው ኮርስ ሰው እንደሚጥል የሚነግርህ ሲኒየር ነው እንጂ ሬጅስትራር አይደለም።

2003 ላይ ተመረቀች። እንደ እኩዮቿ ሥራ ፍለጋ ከመሄድ ይልቅ ክበቡን አገር አቀፍ ድርጅት አደረገችው፣ ስሙም አክቲቭ ማይንድስ ሆነ። ዋና ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ካምፓሶች ቅርንጫፍ አለው፣ ቅርንጫፉን የሚያንቀሳቅሱት ያው ተማሪዎቹ ናቸው።

ቦርሳዎቹን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኤፕሪል 2008 ላይ ድርጅቱ ናሽናል ሞል ሜዳ ላይ 1,100 የተማሪ ቦርሳ ደረደረ። ዲሲ ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ፣ ስንቱ የኛ ሰው በታክሲ ሲዞረው የኖረ ሜዳ ነው። 1,100 የሚለው ቁጥር ያኔ በየዓመቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብሎ የሚገመቱት የኮሌጅ ተማሪዎች ቁጥር ነው። አንዳንዱ ቦርሳ ላይ ፎቶና ቤተሰብ የጻፈው ታሪክ አለ። ሰው ጎንበስ ብሎ ያነባል። ያው ተራ የተማሪ ቦርሳ ነው፣ ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት ትከሻው ላይ ወርወር አድርጎ የሚወጣበት ዓይነት። 1,100 የሚለውን ቁጥር በአንድ ሰከንድ አንብቦ ማለፍ ይቻላል። 1,100 ቦርሳ ግን በእግር ዞሮ ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል፣ መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ፎቶ የምታውቁትን ሰው ይመስልባችኋል። ከዚያ በኋላ ቦርሳዎቹ ከካምፓስ ካምፓስ ሲዞሩ ኖሩ። በየሄዱበትም አንብቦ ለሚረበሽ ተማሪ የሚያናግረው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ይደረጋል። ይህቺን ነገር የማንሳት ምክንያት አለኝ። የኛ ሰው እንዲህ ዓይነት ዝግጅት ሲያዘጋጅ ሁሉን አስለቅሶ ወደ ቤት መስደድ ይወዳል፣ ያስለቀስከውን ሰው ማን ያባብለው?

ሌላው የወደድኩት ደግሞ ጓደኛን ለማናገር የሚያስተምሩት ነገር ነው። ሦስት እርምጃ ነው። የተሰማውን እንደተሰማው መቀበል፣ ስለነገረህ ማመስገን፣ የሚረዳው ነገር ወይም ሰው ጋ ማድረስ። በእንግሊዝኛው የሦስቱን የመጀመሪያ ፊደል ወስደው «ቪ ኤ አር» ይሉታል፣ እግር ኳስ ላይ እንዳለው። በአማርኛ እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ልጁ እንዲህ አለ እንበል።

«እኔ እንጃ ሰሞኑን፣ ከአልጋ መነሳት ራሱ እያስጠላኝ ነው።»

እኛ የምንመልሰው የታወቀ ነው። «ኧረ አታካብድ ባክህ፣ ሁላችንም እንደዛ ነን።» ወይም «ጸልይ፣ ያልፋል።» ወይም «ና ውጣ፣ ማኪያቶ ልጋብዝህ።» ማኪያቶው ክፋት የለውም። «አታካብድ» ግን በሩን የምትዘጋ ቃል ናት። ልጁ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጅቶበት ሊሆን ይችላል። «አታካብድ» ስትለው በልቡ «እሺ፣ ሁለተኛ አልልም» ይላል፣ አፉ ደግሞ ይስቃል።

በሦስቱ እርምጃ ግን እንዲህ ይሆናል። «ከባድ ነው የሆነብህ ማለት ነው።» ትንሽ ዝም። «እንኳን ነገርከኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር ቀላል አይደለም።» ከዚያ፦ «ነገ ከክፍል በኋላ ክሊኒክ አብረን እንሂድ? ካልፈለግክ ደግሞ ዛሬ እዚሁ ልቀመጥ።» አለቀ። ዲግሪ አይጠይቅም። ይህ ግን ለተራው ቀን ነው። ልጁ መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ ወይም ዕቃውን እያደለ መሰናበት ከጀመረ በቀጥታ ይጠየቃል። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ተብሎ፣ ቃሉ ሳይድበሰበስ። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም እፎይ ይላል። ከዚያ ብቻውን አይተውም፣ ባለሙያ ይጠራል።

ይሄ ሁሉ ሠራ ወይ? ራንድ የሚባለው የምርምር ተቋም ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካምፓሶችን ወስዶ ከሺህ በላይ ተማሪዎችን በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ነበር፣ ውጤቱ 2018 ላይ ወጣ። ክበቡን ይበልጥ እያወቁት የሄዱ ተማሪዎች ስለ ጉዳዩ እናውቃለን የሚሉት ነገር ጨመረ፣ ለታመመ ሰው ያላቸው ንቀትና ፍርሃት ቀነሰ። ይበልጥ የተሳተፉት ደግሞ የተቸገረ ተማሪን ወደ መርዳት አደሉ። ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ከሚለው በላይ አናስለው። ጥናቱ የለካው ዕውቀትን፣ አመለካከትንና መረዳዳትን ነው። ስንት ሰው ከሞት ተረፈ የሚለውን አልለካም፣ ለካሁም አላለም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ተማሪውን «ተናገር፣ አትደብቅ» ብለህ ካሳመንከው በኋላ ምን ይጠብቀዋል? ቢሮው ውስጥ ሁለት ባለሙያ ብቻ ካሉ የክበቡ ሥራ ሰልፍ ማስረዘም ይሆናል። ደንቡ ደግሞ አለ፣ እሱ ይብሳል። ኖቬምበር 2022 ላይ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ትምህርት ቤቱን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። ክሳቸው ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕመም የገጠማቸውን ተማሪዎች ዊዝድሮው እንዲሞሉ ይገፋል፣ ለመመለስም ያስቸግራል የሚል ነበር። ይህ ባለበት ቦታ ተማሪው ለምን ይናገራል? «ብናገር ያስወጡኛል» ብሎ ቢደብቅ ስሌቱ ልክ ነው እኮ! ጃንዋሪ 2023 ላይ ዬል ደንቡን ቀየረ። ተማሪው ዊዝድሮው በመሙላት ፈንታ የሕክምና ፈቃድ መውሰድ ቻለ፣ የጤና ኢንሹራንሱንም ሳያጣ። ኦገስት ላይ ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱ፤ አስቸኳይ የሕክምና ችግር ያለበት ተማሪ ኮርስ ቀንሶ በትርፍ ጊዜ የሚማርበት መንገድም ተከፈተለት።

ይህን ያነሳሁት የአሊሰንን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ማውራትና ደንብ ማስቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። አንደኛውን ጠረጴዛ ዘርግተህ ትሠራዋለህ፣ ሁለተኛው ጠበቃ ይፈልጋል። ያኛው የዶርሜ ልጅ ዊዝድሮውን ሲሞላ ሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሶ መግባትን፣ እንዴት እንደሚጠይቅ የነገረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኛም አልጠየቅን።

አሁን ወደ ቤታችን። አሜሪካ ያለው የሐበሻ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። እናቱ ቀን ፓርኪንግ ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራች ነው ያስተማረችው። እሷ በአሥራ ስድስት ሰዓት ሥራ ያልታመመችውን እሱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ድብርት ያዘኝ» ሊላት? አፉ እንዴት ብሎ። ስለዚህ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለው «አሪፍ ነው ማሚ» ይላል። እሷም «ተመስገን» ብላ ለሰፈሩ ታወራለች፣ እሷ ባወራች ቁጥር እሱ መናገሩ ይከብደዋል።

ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ኮሌጅ ከገባ ወይም 18 ከሞላው በኋላ የትምህርት መረጃው የሱ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ነገር ሲመጣ መናገር ቢፈቀድለትም፣ ደውሎ «ልጅዎ ክፍል መግባት አቁሟል» የማለት ግዴታ የለበትም። የምክር ቢሮው ምስጢርም እንደዚያው ነው። ለልጁ ግን ይሄ መልካም ዜና ነው፣ ብዙዎቹ «ለቤተሰብ ይነግሩብኛል» ብለው ነው የሚቀሩት።

አሜሪካ ያለ ሰው፣ ለራሱም ለጓደኛውም፣ 988 በሚባለው የጭንቅ ጊዜ የእርዳታ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይደውላል፣ መስመሩ ጁላይ 2022 ላይ ነው የተከፈተው፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። እስራኤል ያላችሁ 1201 አለ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ግን ስሙን ስድብ አድርገነዋል። «አማኑኤል ውሰዱት» እያልን አድገን፣ ልጁ በእግሩ ሄዶ ካርድ እንዲያወጣ እንጠብቃለን። ለዚያ ስም ለሚሸማቀቅ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ሞከርኩ። «ደህና ነሽ?» የሚለው ጥያቄ በኛ ቋንቋ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። መልሱም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ኮሌጅ የምትማረው የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩና ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ሌላ ጠየቅኳት። (እዚህ መጻፌን ፈቅዳለች።)

«ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ለማሚ አትነግራትም አይደል?»

«ነፍስሽን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ እነግራታለሁ፣ አልዋሽሽም። ሌላው ግን ባንቺና በኔ ይቀራል።»

«እሺ» አለች። በር ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን፣ ስለ እንቅልፍ የነበረው የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ማክሰኞ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ይዛለች።